የሳን ሁዋን ወንዝና አየር የሚተነፍሰው ዓሣ

ዓባይ ከጣና ሐይቅ ወጥቶ ረጅሙን ጉዞ እንደሚጀምር ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል። ከአገራችን እጅግ ርቆ በሚገኘው በማዕከላዊ አሜሪካም እንዲሁ ከአንድ ትልቅ ሐይቅ ወጥቶ፣ ጥቅጥቅ ያለ ደን ሰንጥቆ፣ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ካሪቢያን ባህር የሚገባ ወንዝ አለ። ወንዙ ሳን ሁዋን ይባላል። ሐይቁ የኒካራጓ ሐይቅ ሲሆን ስፋቱ ከ8,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጣናን ከእጥፍ በላይ ይበልጠዋል ማለት ነው። ከባህር ወለል በላይ ያለው ከፍታ ግን 32 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ይህች ቁጥር ትንሽ ብትመስልም ብዙ ነገር አስከትላለች። ከፍታው ዝቅተኛ በመሆኑ የባህር ፍጥረታት ወንዙን ሽቅብ እየወጡ ጨው በሌለበት ሐይቅ ውስጥ ለመኖር ችለዋል።

ወንዙን ሽቅብ ከሚወጡት ከነዚህ ፍጥረታት አንዱ ታርፖን የሚባለው ግዙፍ ዓሣ ነው። ይህን ዓሣ ፍለጋ ሰዎች በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በአውሮፕላን አቋርጠው፣ ብዙ ገንዘብ ከፍለው፣ በዝናብና በወባ ትንኝ መካከል ይሰነብታሉ። በላባ በተሠራ መንጠቆ ይይዙታል፤ ለረጅም ጊዜ ይታገሉታል፤ በመጨረሻም መልሰው ይለቁታል። ውድ አንባብያን፣ በዛሬው ጽሑፋችን ወንዙን፣ ዓሣውንና ለብዙዎቻችን እንግዳ የሚሆነውን ይህን ልማድ አብረን እንቃኛለን፣ ኢንሻአላህ።

ወንዙን ቁልቁል

ጉዞው የሚጀመረው ወንዙ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ ላይ ከተቆረቆረችው ከሳን ካርሎስ ከተማ ነው። ከዚያ ወዲያ ዋናው መንገድ ውሃው ነው። ረዘም ያሉና ጠበብ ያሉ የሞተር ጀልባዎች ሰውን፣ ዱቄትን፣ ነዳጅንና ዶሮን ጭነው ይወርዳሉ። በሁለቱም ዳርቻ መጀመሪያ የከብት ግጦሽና የእርሻ ማሳ ይታያል። ጥቂት ሰዓት እንደተጓዙ ቦካ ደ ሳባሎስ ከተባለች መንደር ይደረሳል። ሳባሎ ማለት በአካባቢው ስፓኒሽ ታርፖን ማለት ስለሆነ መንደሯ "የታርፖኖች አፍ" እንደማለት ነው የምትጠራው። እዚህ ቦታ ላይ ሌላ ትንሽ ወንዝ ከሳን ሁዋን ጋር ስለሚቀላቀል ነው "አፍ" መባሉ። ዓሣ ለመንደር ስም እስከመስጠት የደረሰበት ቦታ ብዙ አይመስለንም።

ከሳባሎስ ዝቅ ብሎ ወንዙ በድንጋይ ላይ እየተንኳለለ ይወርዳል። ስፔኖች ከዚህ ፏፏቴ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ እ.ኤ.አ. በ1675 ምሽግ ሠርተው ጨርሰዋል፤ ኤል ካስቲዮ ይባላል፤ እስከ ዛሬም ቆሞ ይታያል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የባህር ወንበዴዎች ከካሪቢያን በዚህ ወንዝ እየወጡ በሐይቁ ዳር ያለችውን ግራናዳን ይዘርፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1762 እንግሊዞች ምሽጉን ሲያጠቁ አዛዡ በቅርቡ ሞቶ ስለነበር የ19 ዓመት ልጁ ራፋኤላ ሄሬራ መከላከሉን መርታ እንደመለሰቻቸው የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ከ18 ዓመት በኋላ እንግሊዞች ተመልሰው መጡና ያዙት። በዚህ ዘመቻ ላይ ገና 21 ዓመቱ የነበረውና በኋላ በባህር ኃይል አዛዥነቱ ስመ ጥር የሆነው ኔልሰን ነበረበት። ይሁን እንጂ አብዛኛው ሠራዊት በበሽታ ስላለቀ ምሽጉን ይዘው ለመቆየት አልቻሉም። በ1850ዎቹ ደግሞ ወደ ካሊፎርኒያ ወርቅ ፍለጋ የሚጎርፉ አሜሪካውያን አህጉሩን በምድር ከማቋረጥ ይልቅ በዚሁ ወንዝና ሐይቅ በእንፋሎት ጀልባ ያልፉ ነበር። ይህ ሁሉ ሰው ሲያልፍ ዓሦቹም ያንኑ ፏፏቴ ሽቅብ ይወጡ ነበር፤ ዛሬም ይወጣሉ።

ከኤል ካስቲዮ ጥቂት ዝቅ ሲባል የቀኙ ዳርቻ ኮስታ ሪካ ይሆናል። በግራ በኩል ኢንዲዮ ማይስ የተባለው ጥብቅ ደን ይጀምራል። ከዚህ በኋላ እስከ ባህሩ ድረስ ያለው አገር ውሃና ዛፍ ነው። በወንዙ አፍ አካባቢ በዓመት የሚጥለው ዝናብ ከ5,000 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ዝናብ በማብዛት የምናውቃት ኢሉባቦር እንኳ የዚህን ግማሽ አታገኝም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2016 ኦቶ የተባለው ከባድ አውሎ ነፋስ በዚሁ አካባቢ ወደ የብስ ገብቶ ብዙ ዛፍ ጥሏል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ደኑ ውስጥ ሰደድ እሳት ተነስቶ ነበር። የወንዙ ውሃ የደን ቅጠልና የአፈር ቀለም ስላለው ድፍርስ ነው።

ወደ ባህሩ ሲቃረብ ወንዙ ይከፈላል። አብዛኛው ውሃ ወደ ደቡብ ታጥፎ ኮሎራዶ በሚባለው ቅርንጫፍ ኮስታ ሪካ ውስጥ ይገባል። ባራ ዴል ኮሎራዶ የምትባለው መንደር በዚህ ቅርንጫፍ አፍ ላይ ትገኛለች። የመኪና መንገድ አይደርስባትም፤ መግቢያው በጀልባ ወይም በትንሽ አውሮፕላን ነው። የታርፖን አጥማጆች ማረፊያዎች በብዛት ያሉት እዚህ ነው።

ዓሣ ሲተነፍስ

አሁን ወደ ዓሣው እንምጣ። ታርፖን ረጅምና ጠፍጣፋ ጎን ያለው፣ የታችኛው መንጋጋው ወደ ላይ የቀና፣ ዓይኑ ትልቅ የሆነ ዓሣ ነው። ቅርፊቱ እንደ መስታወት ያንጸባርቃል፤ የአንድ ትልቅ ታርፖን ቅርፊት የሰው መዳፍ ሊሸፍን ይደርሳል። በዚህ የተነሳ አጥማጆች "የብር ንጉሥ" የሚል ቅጽል ስም አውጥተውለታል። ርዝመቱ ከ2 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። በመንጠቆ ከተያዙትና ከተመዘገቡት ሁሉ ትልቁ እ.ኤ.አ. በ2003 በምዕራብ አፍሪካ በጊኒ ቢሳው የተያዘው ሲሆን 130 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝን ነበር።

ምዕራብ አፍሪካ ስንል አንባቢ እንዳይገረም። ታርፖን በአትላንቲክ ውቅያኖስ በሁለቱም ዳር ይኖራል። ሙስሊሞች በብዛት በሚኖሩባቸው በሴኔጋል፣ በጋምቢያና በሴራሊዮን የባህር ዳርቻዎችና የወንዝ አፎችም ይገኛል። እዚያ ያለው ዓሣ አጥማጅ ግን ታርፖን መረቡ ውስጥ ሲገባለት መልሶ ለመልቀቅ አያስብም፤ ወደ ቤቱ ወይም ወደ ገበያ ይወስደዋል እንጂ። የፓናማ ቦይ እ.ኤ.አ. በ1914 ከተከፈተ ወዲህም ጥቂት ታርፖኖች በቦዩ ውስጥ አልፈው ወደ ሰላማዊ ውቅያኖስ ተሻግረዋል። ሰው ለመርከብ ብሎ የቆፈረውን መንገድ ዓሣ ተጠቀመበት።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን አተነፋፈሱ ነው። ዓሣ ሁሉ በጉንጩ ግራና ቀኝ ባሉት ስንጥቦች ውሃ እያሳለፈ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን እንደሚወስድ ተምረናል። ታርፖንም እንዲሁ ያደርጋል። ከዚህ ሌላ ግን አላህ (ሱ.ወ.) ሆዱ ውስጥ ያለውን የአየር ከረጢት እንደ ሳንባ እንዲያገለግለው አድርጎለታል። ዓሣው ወደ ውሃው ወለል ብቅ ይልና ከላይ አየር ጎርሶ፣ ጀርባውን አሳይቶ፣ ተገልብጦ ይሰጥማል። በአገራችን ሐይቆች የሚገኘውን አምባዛ የሚያውቅ ሰው ይህን አያስተባብልም፤ አምባዛም ውሃው ሲጎድልና ሲጨቀይ ከአየር እየተነፈሰ ይቆያልና። ሱብሃነላህ! በሁለት የተለያዩ የዓለም ክፍሎች፣ ዝምድና በሌላቸው ሁለት ዓሦች ላይ፣ ለአንድ ችግር ሁለት መፍትሔ።

ይህ ስጦታ ለታርፖን በይበልጥ የሚያስፈልገው በልጅነቱ ነው። እናቲቱ እስከ 12 ሚሊዮን የሚደርስ ዕንቁላል ከባህር ዳርቻ ርቃ በጥልቁ ውስጥ ትጥላለች። ከዕንቁላሉ የሚወጣው ጫጩት ዓሣ አይመስልም፤ ከወዲያ ማዶ የሚያሳይ፣ እንደ ጥብጣብ የቀጠነ ነገር ነው። ማዕበሉ እየገፋ ወደ ዳርቻ ያመጣዋል። ከዚያም የሚገርም ነገር ይሆናል። መልኩን ለውጦ ዓሣ ከመምሰሉ በፊት ርዝመቱ ይቀንሳል፤ ያደገው ልጅ መልሶ ያንሳል ማለት ነው። ካነሰ በኋላ እንደገና ማደግ ይጀምራል። የሚያድገውም ሥራቸውን ጨው ውሃ ውስጥ በሚሰዱ ዛፎች መካከል ባለ፣ በረጋና በሸተተ ረግረግ ውስጥ ነው። በዚያ ውሃ ውስጥ ኦክሲጅን አነስተኛ በመሆኑ ትልልቅ አዳኝ ዓሦች ሊኖሩበት አይችሉም። ትንሹ ታርፖን ግን ከላይ አየር እየጎረሰ፣ ጠላት በማይደርስበት ሽታ ውስጥ በሰላም ያድጋል።

ዕድሜውም ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ወደ ቺካጎ የዓሣ ማሳያ ቤት የገባ አንድ ታርፖን እስከ 1998 ድረስ እዚያው ኖሯል፤ 63 ዓመት ማለት ነው። እንግዲህ በሳን ሁዋን ወንዝ ላይ አየር ለመጉረስ ብቅ የሚለው ትልቅ ዓሣ ከሚያጠምደው ሰው በዕድሜ ሊበልጥ ይችላል።

በላባና በክር

አጥማጆቹ "በዝንብ ማጥመድ" የሚሉት ዘዴ በአገራችን ብዙም ስለማይታወቅ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። ዝንቡ እውነተኛ ዝንብ አይደለም። በመንጠቆ ላይ የዶሮ ላባ፣ የእንስሳ ጠጉርና የሚያብረቀርቅ ክር ተጠቅልሎ ትንሽ ዓሣ እንዲመስል የተሠራ ነገር ነው። ክብደት ስለሌለው ድንጋይ እንደሚወረወር ሊወረወር አይችልም። ስለዚህ ክብደቱ የሚደረገው በክሩ ላይ ነው። አጥማጁ 2 ሜትር ከ70 የሚያህለውን ዘንግ ወደ ኋላና ወደ ፊት እያወዛወዘ ወፍራሙን ክር በአየር ላይ ይዘረጋዋል፤ ላባው ከክሩ ኋላ ተከትሎ ይሄዳል። እረኛ ጅራፉን ከማጮሁ በፊት በአየር ላይ እንዴት እንደሚያወዛውዘው ያየ ሰው ነገሩ አይከብደውም።

በፍሎሪዳ ባህር ዳር ውሃው ጥልቀት የሌለውና ጥርት ያለ ስለሆነ አጥማጁ ዓሣውን እያየ ይወረውርለታል። በጫካ ወንዞችና በአፎቻቸው ግን ውሃው ድፍርስ በመሆኑ ዓሣው ያለበት የሚታወቀው አየር ሊጎርስ ብቅ ሲል ነው። ስለዚህ ወደ ታች የሚሰጥም ክር ይጠቀማሉ፤ ላባውን ወደ ጥልቁ ያወርዱና በእጃቸው እየጎተቱ ያንቀሳቅሱታል። ታርፖን ሲጎርሰው ዘንጉን ቀና ማድረግ አይረዳም። አፉ ውስጡ እንደ አጥንት የጠጠረ ስለሆነ ክሩን በእጅ ጠበቅ አድርጎ መሳብ ይገባል። እንዲያም ሆኖ መንጠቆው ብዙ ጊዜ አይዝም። ዓሣው ከውሃው ይወጣና ሙሉ ገላውን በአየር ላይ አሳይቶ ራሱን ያራግፋል፤ ያን ጊዜ መንጠቆው ተወርውሮ ይወድቃል። በዚህ ዘዴ የተያዘው ትልቁ ታርፖን እ.ኤ.አ. በ2001 በፍሎሪዳ የተያዘው ሲሆን 92 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር።

ዓሣው ሲዘል አጥማጁ ጎንበስ ብሎ ዘንጉን ወደ ዓሣው ዝቅ ማድረግ አለበት፤ ክሩ እንዲላላና እንዳይበጠስ ነው። ይህንንም በቋንቋቸው "ለንጉሡ መስገድ" ይሉታል። እኛ እንኳ ሩኩዕና ሱጁዳችንን ለአንድ አላህ ብቻ የምናደርግ ስለሆንን ስሙን አልወደድንለትም፤ "ክር ማላላት" ቢሉት ይበቃ ነበር።

አጥማጆች ጎህ ሲቀድ ስለሚወጡ በዚያ አገር ያለ ሙስሊም መንገደኛ ፈጅርን ሰግዶ ከመጀመሪያዋ ጀልባ ጋር ለመድረስ አይቸገርም። ለውዱእ የሚሆን ውሃ በያለበት ነው። የሚያሳስተው ቂብላው ነው። የግድግዳ ካርታ የሚያይ ሰው መካ ወደ ምሥራቅ ነች ብሎ ያስባል፤ ምድር ክብ በመሆኗ ግን ከዚያ አገር ትክክለኛው አቅጣጫ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ያዘነበለ ነው። ሐላል ምግብም ለማግኘት አስቸጋሪ በሆነበት አገር ዓሣ፣ ሩዝ፣ ባቄላና ሙዝ ከበቂ በላይ ይገኛል።

ከለቀቃችሁት ለምን ያዛችሁት?

በአሜሪካ የሚኖር አንድ ወጣት ወንድማችን የሥራ ባልደረቦቹ ወደ እንዲህ ያለ የዓሣ ጉዞ ጋብዘውት ነበር። "ዓሣውን ይዛችሁ ምን ታደርጉታላችሁ?" አላቸው። "እንለቀዋለን" አሉት። "ከለቀቃችሁት ለምን ያዛችሁት?" ብሎ ቢጠይቃቸው ሳቁበት እንጂ አልመለሱለትም። ጥያቄውን ለእኛ ላከው። እኛ ሙፍቲዎች አይደለንም፤ ብይኑን ኡለማዎችን መጠየቅ ይገባል። ነገር ግን ጉዳዩ ሊታሰብበት የሚገባ ስለሆነ የምናውቀውን ያህል እናካፍላለን።

የባህር አደን የተፈቀደ መሆኑ በሱረቱል ማኢዳ በግልጽ ተነግሯል፤ በኢሕራም ያለ ሐጃጅ እንኳ የየብስ አውሬ ማደን ሲከለከል የባህሩ ተፈቅዶለታል። ዓሣ መታረድ እንደማያስፈልገውም ይታወቃል። ስለዚህ ለቤተሰቡ ምግብ ወይም ለገበያ በሚያጠምድ ሰው ላይ ምንም የሚባል ነገር የለም። ጥያቄው መብላትም መሸጥም ሳይፈለግ ለደስታ ብቻ በሚደረገው ላይ ነው። ከቀደምት ኡለማዎች ብዙዎቹ ለጨዋታ ብቻ የሚደረግን አደን ጠልተውታል። በሐዲስ መጻሕፍት እንደተዘገበው ዓብደላህ ኢብን ዑመር (ረ.ዐ.) ወጣቶች አንዲት ወፍ አስረው ቀስት ሲወረውሩባት ደረሱባቸው። ልጆቹ ሲያዩዋቸው ተበተኑ። እርሳቸውም ነቢዩ ሙሐመድ (ሶ.ዐ.ወ.) ነፍስ ያለውን ፍጡር ዒላማ የሚያደርገውን ሰው መርገማቸውን ተናገሩ። የሚገርመው፣ ወጣቶቹ ዒላማውን የሳተውን ቀስት ሁሉ ለወፏ ባለቤት ይሰጡ ነበር። ሕጋዊ ውል ነበራቸው ማለት ነው። ግን የወፏን ሥቃይ አልቀነሰላትም።

የታርፖን አጥማጅ ልክ እንደነዚያ ወጣቶች ነው ለማለት አንደፍርም። ወፏ ትሞት ነበር፤ ዓሣው አብዛኛውን ጊዜ በሕይወት ይመለሳል። እንዲያውም መልቀቅ የመጣው ከአሳቢነት ነው። የፍሎሪዳ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ታርፖን ይዞ ለማስቀረት የሚፈልግ 50 ዶላር ከፍሎ ፈቃድ እንዲያወጣ አደረገች፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ለክብረ ወሰን ከሚመዘገበው በስተቀር ሁሉም ተመልሶ እንዲለቀቅ ደነገገች። ትልልቆቹ ከውሃ ውስጥ እንኳ እንዳይወጡ ሕጉ ያዛል። ዓሣው በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለአደጋ ከተጋለጡት ፍጥረታት ጋር ስለተመዘገበ ጥንቃቄው የሚነቀፍ አይደለም።

ሆኖም አንድ ነገር አለ። በዚህ ስፖርት ዘንድ ክብር የሚሰጠው በቀጭን ክር ትልቅ ዓሣ ለያዘ ነው። ክብረ ወሰን ለማስመዝገብ የሚፈልግ በላባ አጥማጅ ክሩ ቢበዛ 20 ፓውንድ፣ ማለትም 9 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሳብ የሚበጠስ ክፍል እንዲኖረው ይገደዳል። ታዲያ 60 ኪሎ የሚመዝነውን ዓሣ በ9 ኪሎ ክር ለማምጣት ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እስኪደክም ድረስ ማድከም። ትግሉ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ሰዓታት ይፈጃል። ዓሣ እንደኛ ህመም ይሰማው እንደሆነ ምሁራን ገና ይከራከራሉ። መድከሙ ግን አያከራክርም፤ የደከመውን ታርፖን ሻርክ ከአጥማጁ እጅ ሥር እንደሚነጥቀውም አጥማጆቹ ራሳቸው ይናገራሉ። እኛን የከነከነን ይህ ነው። ክሩ በቀጠነ መጠን የሰውየው ዝና ይጨምራል፤ የዓሣውም ጭንቅ ይረዝማል። ብልሃቱ ጭንቁን በማስረዘም የሚለካ ጨዋታ ለአንድ ሙስሊም ወጣት የሚያኮራ ሆኖ አልታየንም። ግብዣውን የሚቀበል ካለ ጠንካራ ክር ይዞ ትግሉን ያሳጥር፤ በወንዙ ውስጥ ለመብላት ጥሩ የሆኑና መያዛቸው የተፈቀደ ሌሎች ዓሦች ስላሉ እነርሱን ይዞ ለእራት ያቅርብ፤ ታርፖኑን ደግሞ አየር ሲጎርስ ቆሞ ይመልከት። ለወንድማችንም የመለስንለት ይህንኑ ነው።

ለሚለቁትም ቢሆን አለቃቀቁ ዕውቀት ይጠይቃል። ዓሣው ከጀልባው ጎን ውሃ ውስጥ እንዳለ መንጠቆው ይነቀላል፤ ከዚያም ፊቱን ወደ ፊት አድርገው ጀልባዋን በዝግታ ያስኬዳሉ፤ ውሃ በስንጥቦቹ ውስጥ ሲያልፍ ጉልበቱ ይመለስለታል። ጥሩ መሪ ዓሣው በራሱ ጅራቱን መትቶ እስኪሄድ አይለቀውም። ለፎቶግራፍ ብሎ ከባድ ዓሣ ጀልባ ላይ የሚጎትት ሰው ግን ዓሣውን ለቀቀው ማለት ያስቸግራል።

ዓሣው የማን ነው?

በሱረቱል አዕራፍ በባህር ዳር ስለነበረችው መንደር የተወሳውን ታሪክ አንባብያን ያስታውሳሉ። ዓሦቹ በተከለከለው ቀን ወደ ላይ ብቅ ብቅ እያሉ ይመጡላቸው ነበር፤ በሌሎች ቀናት አይመጡም ነበር። ፈተናው እጅን በመሰብሰብ ላይ ነበር፤ እነርሱ ግን በብልሃት ሊያመልጡ ፈለጉ። ዓይን ፊት ብቅ የሚለውን ዓሣ አለመንካት ከባድ መሆኑን የኒካራጓ ሐይቅም አሳይቷል።

በዚህ ሐይቅ ውስጥ ሻርክ ነበር። ሰዎች ለረጅም ጊዜ ከባህር ተቆርጦ የቀረ ልዩ ዘር ነው ብለው ያምኑ ነበር። ቶማስ ቶርሰን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ እንስሳት ምሁር በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሻርኮቹን ምልክት እያደረገ በመልቀቅ፣ ልክ እንደ ታርፖን በሳን ሁዋን ወንዝ ከባህር የሚመላለሱ መሆናቸውን አረጋገጠ። ነገር ግን በዚያው ዘመን ግራናዳ ላይ የሻርክ ክንፍና ሥጋ ለውጭ ገበያ የሚያዘጋጅ ድርጅት ሥራ ላይ ነበር። አፍንጫው እንደ መጋዝ የሆነው ሌላው ትልቅ ዓሣም አብሮ ይጠመድ ነበር። ሁለቱም እንደዚያ በዝተው ሲታዩ ኖረው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመናመኑ። ዛሬ በሐይቁ ውስጥ ሻርክ አየሁ የሚል ሰው ብርቅ ነው፤ ባለ መጋዙ ደግሞ ከዚያም የባሰ ብርቅ ነው። እነርሱን የጨረሳቸው የገበያ መረብና የውጭ ገንዘብ ነው እንጂ በእንጨት ታንኳ እራቱን የሚፈልግ ድሃ አልነበረም። ታርፖን ግን አሁንም ወንዙን ሽቅብ ይወጣል። ሥጋው እሾህ የበዛበትና ለውጭ ገበያ የማይመች መሆኑ ሳይጠቅመው አልቀረም። ከዚህ ሌላ በባራ ዴል ኮሎራዶ ጀልባ የሚነዳ፣ ምግብ የሚያበስልና ማረፊያ የሚጠብቅ ሰው ደመወዙ በዓሣው በሕይወት መኖር ላይ የተንጠለጠለ ሆኗል። እንግዳውን ብንወቅስም ይህን ጥቅም መካድ አንችልም።

የወንዙ ባለቤትነት ጉዳይም ሁለቱን አገሮች ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። እ.ኤ.አ. በ1858 በተፈረመው ውል መሠረት ውሃው የኒካራጓ ሲሆን ኮስታ ሪካ ለንግድ የመመላለስ መብት አላት። ክርክሩ በመጨረሻ ዘ ሄግ ለሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ቀረበ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2009 ስለ ጀልባዎችና ስለ ፖሊሶች ከሰጠው ብዙ ብይን መካከል አንዱ ስለ ዓሣ ነበር። በደቡቡ ዳርቻ የሚኖሩ ኮስታ ሪካውያን ከጥንት ጀምሮ ያለ ከልካይ ለቤታቸው ቀለብ ከዳርቻው ላይ ቆመው ሲያጠምዱ ኖረዋል፤ ስለዚህ ኒካራጓ ይህን የቆየ መብታቸውን ልታከብርላቸው ይገባል አለ። ለንግድና ለስፖርት የሚደረገው ማጥመድ፣ እንዲሁም በወንዙ ላይ ከጀልባ የሚደረገው፣ በዚህ መብት ውስጥ አልተካተተም።